መልኳ አንድ፣ ጠባይዋ ልዩ ልዩ

ከአጽቢና ከአላጀ የገብስ ማሳዎች ተለቅመው፣ በአልኮል ብልቃጥ ተደርገው፣ በመቐለ ከተማ በሓድነት ክፍለ ከተማ ወደምትገኘው ጠባብ የሥራ ክፍሌ የሚመጡልኝን ክሽክሾች በአጉሊ መነጽር ሥር አኑሬ ስመለከት፣ የአንዱን ስፍራ ከሌላው በመልክ ለመለየት እኔም ሆንሁ ከእኔ የሚልቁ ሊቃውንት አንችልም። ሁሉም አካላቸው ሞላላ፣ ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ከጅራታቸውም በላይ ሁለተኛ ጅራት የሚመስል ቅጥያ ያላቸው ናቸው። ይሁን እንጂ በሕይወት ሳሉ በልዩ ልዩ የገብስና የስንዴ ቡቃያ ላይ የሰፈሩ እንደሆነ፣ አንደኛዋ በተራበችበት ቡቃያ ላይ ሌላይቱ ጠግባ ልትራባ ትችላለች፤ ዓይን ያጣውን ልዩነት የሚገልጠው እንግዲህ ቡቃያው ነው።

የሩሲያ የስንዴ ክሽክሽ እየተባለች የምትጠራው ይህች ተባይ የዘር አገሯ ወደ መካከለኛው እስያና ወደ ደቡብ ሩሲያ ሲሆን፣ በእኛ አገር መኖሯ የታወቀው በ1965 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ ክፍል፣ ይኸውም በትግራይና በወሎ ነው። ዘመኑ የድርቅ ዘመን እንደ ነበረ አንባቢ ያስታውሳል፤ ክረምቱ ቀድሞ የወጣ እንደሆነ፣ ወይም የበልጉ ዝናም የሳሳ እንደሆነ፣ ከቅጠሉ ላይ የሚያጥባት ውሃ ስለሌለና የተጠማውም ቡቃያ ስለማይቋቋማት ያን ጊዜ ትበረታለች። የገብሱን ቅጠል ወደ ውስጥ ጠቅልላ በዚያ ውስጥ ተሸሽጋ ስትመጥ፣ በቅጠሉ ርዝመት ነጭና ቢጫ፣ ብርድም በሆነ ጊዜ ወይን ጠጅ የሆነ መስመር ይወጣበታል፤ እሸቱም ሊወጣ ሲል ጢሙ በተጠቀለለው ቅጠል ተይዞ ጎብጦ ይቀራል። መድኃኒት የሚረጭ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያርሰው የጥቅልሉን ጀርባ ብቻ ስለሆነ፣ በመድኃኒት ላይ ያለኝ ተስፋ ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መጥቷል።

በአጽቢ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ የነጣውን የማሳቸውን ዳር በበትራቸው እያመለከቱ፣ «ወደይ፣ ይህ ዘር አምና ችሎ ቆሞ ነበር፤ ዘንድሮ ምን ነካው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም፣ «አቦይ፣ ዘሩ ያው ነው፤ የመጣችው ክሽክሽ ግን የአምናዋ መሆኗን አላውቅም» አልኋቸው። ዝናሙም ቀንሶ ስለ ነበር ነገሩን ሁሉ በክሽክሺቱ ላይ መጫን እንደማይገባ ጨምሬ ነገርኋቸው፤ እርሳቸው ግን በመጀመሪያው መልሴ ላይ ቆመው፣ እንዲህ ያለች ከእጅ ጥፍር የምታንስ ፍጥረት ባሕርይዋን በአንድ ዓመት ትለውጣለች ብሎ ማሰብ ከበዳቸው።

የከበዳቸውም በከንቱ አይደለም። ይህች ክሽክሽ ከዘር አገሯ ወጥታ በሰፈረችባቸው እንደ ደቡብ አፍሪካና እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች የምትራባው ያለ ወንድ ነው፤ እናት እንስት ልጆችን በሕይወት ትወልዳለች፣ በእናቲቱም ማኅፀን ያለችው ልጅ ገና ሳትወለድ የራስዋን ልጅ መፀነስ ትጀምራለች፣ ስለዚህም በአንዲት እናት ሆድ ውስጥ ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ይገኛል። ይህንን ለአንድ ካህን ጎረቤቴ ባጫወትሁት ጊዜ፣ ነገሩ ከሥነ ፍጥረት ይልቅ ለቅኔ ይመቻል ብሎ ሳቀ። አየሩ በተስማማት ጊዜ አንዲቱ በ10 ቀን ገደማ ለመውለድ ትደርሳለች፤ ልጆቿም የእናታቸው ቅጂ ስለሚሆኑ፣ አንድ ማሳ የሞሉት እልፍ አእላፋት በዘረመላቸው እንደ አንዲት ነፍስ ቢቆጠሩ ስሕተት አይመስልም ነበር። በሚቶኮንድሪያ በኩል የመረመሯትም ሊቃውንት ያገኙት ልዩነት እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ፣ በጠባይ የሚለያዩትን ወገኖች በዚያ ምልክት ለይተው ለማወቅ አልቻሉም።

ሆኖም ጠባይዋ እንደማይለወጥ ተማምኖ የዘራ አገር ዋጋውን ከፍሏል። ክሽክሺቱ በ1986 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ከተገኘች በኋላ፣ የአሜሪካ አዳቃዮች ዲኤን 4 የተባለውን የመቋቋም ዘረመል ይዞ የሚወለድ «ሃልት» የተሰኘ ስንዴ በ1994 ለኮሎራዶ ገበሬዎች አወጡ፤ በ2003 በዚያው በኮሎራዶ ይህን ዘረመል የምትንቅ ክሽክሽ በማሳ ተገኘች። በደቡብ አፍሪካም እንዲሁ፣ ተባይዋ በ1978 ከገባች በኋላ የወጡት ተቋቋሚ ስንዴዎች በ2005 አዲስ ወገን ተነሣባቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. ለኅትመት የበቃ አንድ ጥናት ከቺሊ፣ ከቼክ ሪፐብሊክና ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ክሽክሾችን በዚያው ዲኤን 4 ባለው ስንዴ ላይ አስፍሮ ሲመለከት፣ የሦስቱም አገር ክሽክሾች መከላከያውን የሚያልፉ ሆነው ተገኙ። እኔ ይህን ካነበብሁ ወዲህ፣ በውጭ አገር ተቋቋሚ ነው ተብሎ የተመሰከረለትን ዘር በምስክር ወረቀቱ ብቻ አምኜ ለገበሬ እንዲሰጥ መስማማት ትቻለሁ፤ የኮሎራዶው ስንዴ ገና በአገሩ የተመሰገነ ሳለ እንኳ ወደ እኛ ቢመጣ ኖሮ፣ የእኛይቱ ክሽክሽ ምናልባት ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ትበላው ነበርና።

እንዲህ ያለው ለውጥ ከየት እንደሚመጣ ሲጠየቅ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። ቅጂ ናቸው የተባሉት ልጆች ከብዛታቸው የተነሣ በድንገት የሚለወጥ ዘረመል ያላቸው ጥቂቶች አይጠፉባቸውም፤ ወደ አንድ አገርም ክሽክሽ ከአንድ ጊዜ በላይ ከልዩ ልዩ ስፍራ ልትገባ ትችላለች፤ ወንዱ በሚገኝበትና ዕንቁላል ተጥሎ በሚከረምበት በዘር አገሯም ልዩነቱ በጋብቻ ይራባል። ተቋቋሚ ዘር በሰፊ ምድር ብቻውን የተዘራ እንደሆነ ግን፣ ከእነዚህ ጥቂቶች መካከል የምትችለውን መርጦ ለሌላው ሁሉ ወራሽ የሚያደርጋት ራሱ ዘሩ ነው።

በዚህ ነገር የእኛ ገበሬ የሚያደርገውን ሳስብ ወደ ሓንፈጽ አዘነብላለሁ። በትግራይ ደጋ ገብስና ስንዴ ተቀላቅለው በአንድ ማሳ ይዘራሉ፣ በአንድነት ይታጨዳሉ፣ ተፈጭተውም በአንድነት ይበላሉ፤ የገብሱም ዘር ቢሆን አንድ ወጥ ያልሆነ፣ ባለ ሁለትና ባለ ስድስት ረድፍ፣ ጥቁርና ነጭ የተደባለቀበት ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ድብልቅ የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው ሲናገሩ ስሰማ አልስማማም፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ስለሚተርፍ የሓንፈጽ ምርት ከዓመት ዓመት ያነሰ ይዋዥቃል፣ ክሽክሺቱም የምትመረጥበት አንድ ወጥ ገበታ አታገኝም። ድብልቁ ለክሽክሽ ፍቱን ነው ማለቴ ግን አይደለም፤ በደረቅ ዓመት ሓንፈጹም ሲነጣ አይቻለሁ።

የኢትዮጵያ ገብስ ብዝኃነት በዓለም የታወቀ ነው፤ ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ የሰበሰበው እህል ይህንን መስክሯል፤ ሌሎች ክሽክሾች የሚያስተላልፉትን፣ ገብስን የሚያስቢጨውንና የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘረመልም ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኝቶ የካሊፎርኒያን ማሳ ጠቅሟል። የሩሲያይቱን ክሽክሽ በመቋቋም አሜሪካውያን ካገኟቸው ገብሶች አንዱ ግን ከአፍጋኒስታን የመጣ ነው፤ ተባይና እህል አብረው በቆዩበት አገር መከላከያው መብቀሉ የሚያስደንቅ አይደለም። ከእኛ ገብስ መካከል እንዲህ ያለ አለ ወይ የሚለውን ለመመለስ፣ በአዲስ አበባ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት በብዙ ሺህ የተቀመጠውን ዘር በራሳችን ክሽክሽ፣ ያውም በየወረዳው ክሽክሽ መፈተን ይገባል።

ሥራው አድካሚ ነው። ሙት ናሙና ለዲኤንኤ ምርመራ ይበቃል፣ ጠባይን ግን አይናገርም፤ ሕያዋኑን ደግሞ በቡቃያ ላይ ከወገን ወገን ሳይቀላቀሉ ማኖር ያስፈልጋል፣ አንዲት ክንፍ ያላት ከአንዱ ጎጆ ወደ ሌላው ያለፈች እንደሆነም የወራት ድካም ይበላሻል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሆነው ጦርነት መብራት ተቋርጦ በቅዝቃዜ ያኖርናቸው ናሙናዎች ስለ ጠፉብን፣ የድሮዋን ክሽክሽ ከዛሬይቱ ጋር ማስተያየት አልተቻለንም። ስለዚህ አሁን የዘር ምክር እንድሰጥ ስጠየቅ፣ ከዝርያው ስም ቀጥዬ የተፈተነባት ክሽክሽ ከየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር እንደ ተለቀመች እጽፋለሁ። የሚሞላው ቅጽ ለዝርያው ስም ካልሆነ በቀር ቦታ ስለሌለው፣ የቀረውን በወረቀቱ ኅዳግ ላይ በደቃቅ ፊደል አሰፍረዋለሁ።