ራጅ የማያሳየው ጅማት

አገጭዎን ወደ ደረትዎ ዝቅ አድርገው ማጅራትዎን ከላይ ወደ ታች በጣትዎ ይዳብሱ። አንገት ከትከሻ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ከሌሎቹ ጎልቶ የወጣ ጉብታ ያገኛሉ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሰባተኛው የአንገት አጥንት ነው፤ ሐኪሞችም የጀርባ አጥንቶችን በእጅ ሲቆጥሩ ከእሱ ይነሳሉ። ከበላዩ ስድስት አሉ። እነዚህ ሰባቱ ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ጭንቅላት ተሸክመው ቀኑን ሙሉ ሲያዞሩት ይውላሉ። ቀጭኔም ያላት ሰባት ብቻ ነው፤ የእሷ አብዛኞቹ ከስንዝር ይረዝማሉ እንጂ።

ሰው አንገቱን ሲያመው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አጥንቱን ነው። እኔ በዚህ ምዕራፍ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ግን እነዚያን አጥንቶች አስሮ የያዘውን ጅማት ነው። ጅማት በራጅ አይታይም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ይረሳል።

የጅማት ሥራ ከሁሉም በላይ የሚታወቀው ከላይ ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ነው። አንደኛው አትላስ ይባላል። እንደ ሌሎቹ ከፊት ድፍን አካል የለውም፤ ቀለበት ነው፣ በግራና በቀኝ ባሉት ጎድጓዳ ገጾቹም የራስ ቅልን ይቀበላል። ራሳችንን ነቅነቅ አድርገን "እሺ" ስንል፣ ወይም እንደ አገራችን ልማድ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን አገጫችንን ብድግ ስናደርግ፣ በዋናነት የሚሠራው ይህ መገጣጠሚያ ነው። "አይሆንም" ለማለት ግን ጭንቅላትና አትላስ አንድ ላይ ሆነው በሁለተኛው አጥንት፣ በአክሲስ ላይ ይዞራሉ። ከአክሲስ አናት ላይ ጥርስ የመሰለ አጥንት ቀጥ ብሎ ወጥቶ በአትላስ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ማጠፊያ የሌለውን የድሮ ቤተ ክርስቲያን የሳንቃ በር ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ከሳንቃው ጥግ የወጣው ሹል እንጨት በጉበኑ ቀዳዳ ገብቶ በሩ በእሱ ላይ ይዞራል። ፊታችንን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከምናዞርበት መጠን ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ከዚህ ከአንድ ቦታ ነው። የሚገርመኝ ደግሞ የጥርሱ አመጣጥ ነው፦ ፅንስ ሳለን ይህ ቁራጭ ለአትላስ አካል የተመደበ ነበር፤ በኋላ ከአክሲስ ጋር ይዋሃዳል፣ አትላስም ባዶ ቀለበት ሆኖ ይቀራል።

ከጥርሱ በስተኋላ፣ በዚያው ቀለበት ውስጥ፣ ህብለ ሰረሰር ያልፋል። ሁለቱን የሚለየው ከአትላስ አንድ ጎን ወደ ሌላው የተወጠረ ጠንካራ አግዳሚ ጅማት ነው። እሱ ከተበጠሰ ወይም ከላላ አንድም አጥንት ሳይሰበር ጥርሱ ወደ ኋላ ተገፍቶ ህብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል። ራጅ የሚያነብ ባለሙያ ጅማቱን ስለማያየው ክፍተቱን ይለካል፤ በጥርሱና በአትላስ የፊት ቅስት መካከል ያለው ርቀት በአዋቂ ከ3 ሚሊ ሜትር፣ በሕፃን ከ5 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጅማቱን ይጠረጥራል። ጅማቱን ራሱን ለማየት ኤም አር አይ ያስፈልጋል። ሩማቶይድ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ይህን ጅማት ሊያላላው ይችላል፤ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆችም ልል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ታማሚ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝለት ለሰመመን ሰጪው አስቀድሞ ይንገር፤ የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ አንገት ወደ ኋላ ይቀለበሳልና።

ከአክሲስ በታች ያሉት አጥንቶች እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። በመካከላቸው ዲስክ አለ፤ ከላይ ባሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች ውስጥ ግን ዲስክ የለም። ከኋላ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ቢጫ ጅማት እንደ ሌሎቹ ደረቅ አይደለም፤ ስናጎነብስ ይለጠጣል፣ ቀና ስንል ይሰበሰባል። የበሬ አንገት ሲበለት ቆሞ የተመለከተ ሰው ከማጅራት ጀምሮ ወደ ጀርባ የሚወርደውን ሌላ ወፍራም ቢጫ ጅማት ያውቀዋል፤ ቢላ የሚያስቸግር፣ ሲስቡት የሚለጠጥ ነው። ሣር ሲግጥ የሚውል እንስሳ ከባድ ራሱን ያለ ብዙ ድካም የሚያነሳው በእሱ እርዳታ ነው። ሰው ያለው ከዚያ እጅግ የሳሳ ነው። ስለዚህ ስልክ ላይ አጎንብሰን ስንቆይ የጭንቅላታችንን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከሙት የማጅራት ጡንቻዎች ናቸው፤ ማታ ማታ የሚቆረጥመንም የእነሱ ድካም ነው።

አንገት ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን መተላለፊያም ነው። ከስድስተኛው አጥንት ጀምሮ እስከ አትላስ በየጎናቸው ባሉት ቀዳዳዎች ውስጥ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ የደም ሥር ሽቅብ ይወጣል። አንገት በድንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የዚህ ደም ሥር ግድግዳ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ቢሆንም ስትሮክ ያስከትላል። ፀጉር ቤት ውስጥም ሆነ ወጌሻ ዘንድ አንገቴን አንቋቋልኝ ማለትን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው።

በመኪና አደጋ ወይም ከፎቅ በመውደቅ የተጎዳ ሰው ሲገጥመን ደግሞ ሩኅሩኅነታችን ራሱ ሊጎዳው ይችላል። ክንዱን ይዘን እንጎትተዋለን፣ ውኃ ልናጠጣው ቀና እናደርገዋለን። ጅማቱ ተበጥሶ ህብለ ሰረሰሩ ገና ያልተነካ ሰው በዚያች ቅጽበት ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ሌላ ቅርብ አደጋ ከሌለ ካለበት አይነሳ፤ አንድ ሰው ከአናቱ በኩል ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ባለበት ይያዝለት፣ አምቡላንስ እስኪደርስም አይልቀቀው። ማንሳት ግድ ከሆነ ራስ፣ አንገትና ደረት በአንድ መስመር፣ በአንድ ጊዜ ይነሱ።