የሁለት አህጉራት እንስሳት በአንድ ጫካ

ኮስታ ሪካ በኒካራጓና በፓናማ መካከል የምትገኝ፣ በአንድ ጎኗ ካሪቢያን ባሕር፣ በሌላው ፓስፊክ ውቅያኖስ የሚያዋስናት የመካከለኛው አሜሪካ አገር ናት። ስፋቷ 51,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህች ትንሽ አገር ከ900 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ብዙውን እንግዳ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ወደ ጫካው የሚስበውም ይኸው የእንስሳት ብዛት ነው።

የብዛቱ መነሻ ከመሬት በታች ነው። ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በባሕር ተለያይተው ኖረዋል። በፓስፊክ በኩል ያለው የምድር ቅርፊት ክፍል፣ የኮኮስ ፕሌት፣ ከካሪቢያን ፕሌት ሥር እየሰረገ ሲገባ፣ ከጥልቁ የወጣው ቅልጥ አለት በባሕሩ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ደሴቶችን ደረደረ። ምድሩም እየተያያዘ ሄዶ ከ3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለቱን አህጉራት አገናኘ። በተከፈተው መንገድ አጋዘን፣ ታፒርና የድመት ወገን የሆኑ አዳኞች ወደ ደቡብ ወረዱ፤ ስሎዝና አርማዲሎ ወደ ሰሜን ወጡ። በአንድ ጫካ መሬቱ ላይ የሰሜኑ አጋዘን፣ ዛፉ ላይ የደቡቡ ስሎዝ የሚታዩት ለዚህ ነው።

እሳተ ገሞራዎቹ ዛሬም ሥራቸውን አልጨረሱም። የሞተ ይመስል የነበረው አሬናል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1968 ፈንድቶ መንደሮችን አወደመ፤ ሰዎችም አለቁ። እስከ 2010 ድረስ ሲተፋ ቆይቶ ጸጥ ብሏል። በእሳተ ገሞራ አመድ የለማው ደጋ በቡና ተሸፍኗል። ከኢትዮጵያ ጌሻ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሰበሰበው፣ በኋላ በፓናማ ስሙ የገነነው ቡናም ወደዚያ የተሻገረው በኮስታ ሪካዋ ቱሪያልባ ባለው የእርሻ ምርምር ማዕከል በኩል ነው።

ተራሮቹ ዝናቡንም ይከፍሉታል። ከካሪቢያን የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ውኃውንም በምሥራቁ በኩል ያራግፋል። በሰሜን ምዕራብ ያለው ጓናካስቴ ግን የዓመቱን ግማሽ ያህል ደረቅ ሆኖ ዛፎቹ ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። በሸንተረሩ አናት ደመናው ራሱ ከዛፎቹ ጋር ተቀላቅሎ ይኖራል፤ ግንዱ በዛፍ ሽበትና በኦርኪድ የተሸፈነው የሞንቴቬርዴ ደን እንዲህ ያለ ነው። ይህን ተራራ ያቀኑት ውትድርናን በሃይማኖታቸው ምክንያት የማይቀበሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ከአሜሪካ የመጡ ኩዌከሮች ናቸው። ኮስታ ሪካን የመረጧት በ1948 ሠራዊቷን ስላፈረሰች ነበር። የላይኛውን ደን ያልመነጠሩት ለምንጭ ውኃቸው ሲሉ ነው፤ በዚህም ሳያስቡት ለኬትሳል መኖሪያ አቆዩለት። የዚህ ወፍ ወንዱ ጭራ ከአካሉ ይረዝማል። የላባው አረንጓዴነት ከቀለም ሳይሆን ብርሃን በጥቃቅን አሠራሩ ላይ ሲነጥር የሚፈጠር በመሆኑ፣ ወፉ ጥላ ውስጥ ሲገባ ይደበዝዛል። የዱር አቮካዶን እንዳለ ይውጥና ፍሬውን ሌላ ቦታ ይተፋዋል፤ የሚመገበውን ዛፍ የሚተክለው ራሱ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ቆላው ሲወረድ ስሎዝ ይገኛል። ቀርፋፋነቱ ስንፍና ሳይሆን ሂሳብ ነው። ምግቡ በአብዛኛው ቅጠል ስለሆነ የሚያገኘው ጉልበት እጅግ አነስተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ የበላውን ለመፍጨትም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጡንቻው ጥቂት ነው፤ የሰውነቱ ሙቀትም ከአየሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ቀጭኔን ጨምሮ አጥቢዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል 7 የአንገት አጥንት ሲኖራቸው፣ ባለ ሦስት ጥፍሩ ስሎዝ 8 ወይም 9 አለው፤ አካሉን ሳያንቀሳቅስ ዙሪያውን የሚቃኘው በዚሁ ነው። በፀጉሩ ውስጥ አልጌ ይበቅላል፤ የእሳት እራቶችም ይኖራሉ። በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ከዛፉ ወርዶ ይጸዳዳል፤ በዚያች ሰዓት የእሳት እራቶቹ ዓይነ ምድሩ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ለጃጓር እየተጋለጠ የሚወርድበት ምክንያት ተመራማሪዎችን እስካሁን ያከራክራል።

ዓይነ ቀይዋ የዛፍ እንቁራሪት ደግሞ እንቁላሏን ከኩሬ በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ ትለጥፋለች። ግልገሎቹ በሳምንት ገደማ ተፈልፍለው ውኃው ውስጥ ይወድቃሉ። እባብ ቅጠሉን ሲነካ ግን ጊዜያቸው ሳይደርስ በቅጽበት ከእንቁላሉ አፈትልከው ይዘላሉ። የሚገርመው የእባቡን ንቅናቄ ከዝናብ ጠብታ መለየታቸው ነው፤ በዝናብ አይደናገጡም።

ይህ ሁሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ ደኑ ለከብት ግጦሽ በስፋት ተመነጠረ። በ1996 የወጣው የደን ሕግ ደንን ወደ ሌላ ጥቅም መቀየርን ከለከለ፤ ደናቸውን ለሚጠብቁ ባለመሬቶችም ከነዳጅ ቀረጥ በሚገኝ ገንዘብ ይከፈላቸው ጀመር። አሁን ከአገሪቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ምድር በደን የተሸፈነ ነው።

በካሪቢያን ዳርቻ ባለው ቶርቱጌሮ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሌሊት ወደ አሸዋው ይወጣሉ። እናቲቱ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ 100 ያህል እንቁላል ጥላ ከድና ትመለሳለች። የልጆቹን ጾታ የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ ሴቶቹ ይበዛሉ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የተፈለፈሉት ወደ ባሕሩ የሚያመሩት የአድማሱን ብርሃን ተከትለው ስለሆነ አምፖል መንገድ ያስታቸዋል። ስለዚህ ጎብኚ በሌሊት ወደ ዳርቻው የሚገባው ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር ነው፤ ካሜራና የስልክ መብራት አይፈቀዱም። ፀሐያማ ሰማይ የሚፈልግ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በፓስፊክ በኩል ወዳለው ዳርቻ ይሂድ፤ የአረንጓዴ ኤሊዎቹን እንቁላል አጣጣል ማየት የሚፈልግ ግን የዝናብ ልብሱን አይርሳ።