ያውቁ ኖሯል? ሽጉጡ ከአብራሪው ወይስ ከጠባቂው?

ሐረር የመንገደኞች አውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከዚያ ተነሥቶ በአየር የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ድሬዳዋ ይወርዳል። እዚያ ሲሳፈር የአብራሪዎቹን ክፍል ማን እንደሚጠብቅ ያውቁ ኖሯል?

አሜሪካ ከመስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. የአውሮፕላን ጠለፋ ጥቃት በኋላ ይህን ክፍል እንዲጠብቁ ፈቃደኛ አብራሪዎቿን አስታጠቀች። የመጀመሪያዎቹ 44 በጎ ፈቃደኞች በሚያዝያ 1995 ተመረቁ። ሥልጠናውንና ሽጉጡን መንግሥት ሲችል፣ አብራሪዎቹ ለዚህ ሥራ ደመወዝ አይከፈላቸውም።

ኢትዮጵያ ግን ከዚያ ከሠላሳ ዓመት በፊት ሌላ መንገድ ይዛ ነበር፤ የታጠቁ ጠባቂዎችን ከመንገደኞች ጋር ማሳፈር። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዮቹ እነ ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ከአዲስ አበባ የተነሣ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ጠባቂዎቹ ተኩስ ከፈቱ። ሁለቱም ሞቱ። የፈነዳ የእጅ ቦምብ አውሮፕላኑን ቢጎዳውም አብራሪዎቹ አዲስ አበባ መልሰው በሰላም አሳረፉት፤ ይህ ትልቅ ብቃት ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ግን ሦስት ጠላፊዎች የአንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪዎችን ክፍል ያዙ። ነዳጅ ሲያልቅ ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፈ፤ ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከሞቱት መካከል ብዙ ሰዎችን ለሞት የዳረጋቸው የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ መንፋታቸው ነው፤ ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፍፎ መውጫ አሳጣቸው።

ስለዚህ አደራ፣ ከበሩ ሳይወጡ ጃኬትዎን አይንፉ።