ለማስታወቂያ የወጣው ብር በትርፍ ይመለሳል ወይ?

በማኅበራዊ መገናኛ ዕቃውን የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለሌላ ሰጥቶ የሚጠይቀው «ስንት ሰው አየው?» ብሎ ነው። ኪሱን የሚነካው ግን የገዛው ሰው ቁጥር ነው።

አንድ ጫማ ሻጭ ለፌስቡክ ማስታወቂያ 3,000 ብር አወጣ እንበል። 40 ሰው ደወለ፤ 6 ሰው አንድ አንድ ጥንድ ገዛ። አንድ ገዢ ለማግኘት 500 ብር ወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ጥንድ የሚገኘው ትርፍ 400 ብር ከሆነ፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ቢጮህም ነጋዴው በእያንዳንዱ ሽያጭ 100 ብር ይከስራል።

ይህን ለማስላት የኮምፒዩተር ምሩቅ መሆን አያሻም። በኤክሴል አራት ዓምድ ይበቃል፤ ቀን፣ ገዢው የመጣበት መንገድ፣ የሽያጭ ዋጋና ትርፍ። የእኩል ይሆናል ምልክት አስቀድሞ ቀመር መጻፍን የለመደ ሰው ድምሩን ለማሽኑ ይተወዋል። የሚከብደው እንዲያውም ኮምፒዩተሩ አይደለም፤ ደዋዩን «ከየት ሰምተው ነው?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ያኔውኑ መመዝገብ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የሚከፈል ማስታወቂያ በብር ሲሰላ እጅግ ተወዷል። በአገናኝ በኩል የሚከፍል ደግሞ የአገናኙንም ድርሻ ይጨምራል።

የቴሌግራም ቻናል ያለ ክፍያ ይከፈታል፤ እያንዳንዱን መልእክት ስንት ሰው እንዳየውም ያሳያል። አዲስ ገዢ በመጥራት ደካማ ነው። የቀድሞውን ደንበኛ በመመለስ ግን ይጠቅማል፤ የሱቁን ስልክ ማውጫ በእጁ የያዘ ነጋዴም ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።