የማገጥ ዘር ከየት ይመጣል?

በመስከረም ከኮልፌ ቀራንዮ ተነሥቶ በቡራዩ በኩል ወደ ሆለታ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው አደይ አበባ ላይ ነው። ክረምቱ ውኃ ባጠገበው መስክ ላይ፣ በሣሩ መካከል ሐምራዊና ነጭ ሆኖ የሚታየውን ተክል ግን ብዙዎች ሳያዩት ያልፋሉ። ማገጥ ነው፤ ዓለም ክሎቨር ከሚለው ወገን። በአገራችን ደጋ ከ20 በላይ ዓይነት ማገጥ ይበቅላል፤ ከእነዚህም የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ አሉ።

ለከብት ከሣር የበለጠ ገንቢ መኖ ነው፤ በሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ናይትሮጅን ከአየር እየወሰዱ መሬቱን ያዳብራሉ። የወተት ላም የሚያረባ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ዘሩ እንዴት እንደሚገኝ ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም።

አንዷን የማገጥ አበባ ቀጥፎ በቅርብ ያያት ሰው፣ አንድ የመሰለችው አበባ የብዙ ትንንሽ አበቦች ስብስብ መሆኗን ያስተውላል። እያንዳንዷ ቀጭን ቱቦ ነች፤ ወለላው ያለው ከሥሯ ነው። ንብ ወለላውን ልትቀስም ስታርፍ የታችኞቹን የአበባ ቅጠሎች ትጫናቸዋለች። ያን ጊዜ በውስጣቸው ተሸሽገው የነበሩት ወንዴና ሴቴ ብቅ ብለው የጭንቅላቷን ሥር ይነካሉ። ከሌላ ተክል ይዛ የመጣችው ዱቄት ሴቴው ላይ ይቀራል፤ ከዚህኛውም አዲስ ዱቄት ይዛ ትነሣለች። በነጩ ክሎቨር የተዳቀሉት አበቦች ወደ ታች ይታጠፋሉ፤ ያልተዳቀሉት ቀና ብለው ይቆያሉ። ንብ ማሳውን መጎብኘቷን በዓይን አይቶ ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ቻርልስ ዳርዊን 20 የነጭ ክሎቨር አበባ ራሶችን ለንብ ክፍት ትቶ 2,290 ዘር አገኘ። ንብ እንዳይደርስባቸው ከከለላቸው 20 ራሶች ግን አንዲት ዘር እንኳ አላገኘም። ምክንያቱም ይህ ተክል የራሱን ዱቄት አይቀበልም። ኒውዚላንዶችም ቀይ ክሎቨራቸው በቂ ዘር አልሰጥ ቢላቸው፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ምላሳቸው ረዥም የሆኑ ትልልቅ ባለፀጉር ንቦችን ከእንግሊዝ አስመጡ። የቀዩ ክሎቨር ቱቦ ጥልቅ በመሆኑ የማር ንብ ምላስ ከወለላው ለመድረስ ይቸገራል።

ሁሉም ማገጥ ግን እንዲህ አይደለም። በአንድ ክረምት በቅለው ከሚደርቁት መካከል ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ አሉ። በደጋችን ከርሞ የሚያቆጠቁጠውና የኬንያ ነጭ ክሎቨር የሚባለው ግን በንብ ላይ የተደገፈ ነው። የቅባት እህላችን ኑግም እንደዚሁ የሌላ ተክል ዱቄት ይፈልጋል።

ጥቅሙ የጋራ ነው። ማገጥ፣ አደይ አበባና ኑግ ተከታትለው ሲያብቡ ቀፎ ይሞላል፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማርም ከእነሱ የተቀሰመ ነው። ይህን ዝምድና የሚያጠና የንብ ምርምር ማዕከል ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ሆለታ ላይ ይገኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ በጤፍና በስንዴ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው የአረም ማጥፊያ ነው። ሰፋፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ በማሳው ዳር ያለውን ማገጥ አይምርም። ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ደግሞ ንቧን ራሷን ይገድላል። ስለዚህ መኖ የምታለሙና ከብት የምታረቡ ወገኖች፣ ከመስካችሁ አንዱን ጥግ ሳታጭዱ ዘር እስኪይዝ ተዉት፤ ቀፎም አስጠጉለት። መርጨት ግድ ከሆነባችሁም አበባው እስኪያልፍ ታገሡ፤ ካልተቻለ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን።