ጃንጎና የሴቲንግ ፋይሉ

ጃንጎ ድረ ገጽ ለሚሠሩ ፕሮግራመሮች በፓይተን ቋንቋ የተዘጋጀ ነጻ ማዕቀፍ ነው። መነሻው በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት የሚታተመው ሎውረንስ ጆርናል ወርልድ ጋዜጣ ሲሆን፣ በዚያ ይሠሩ የነበሩት ኤድሪያን ሆሎቫቲና ሳይመን ዊሊሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምረውት በ2005 ለሕዝብ ተለቀቀ። ማዕቀፉ በየድረ ገጹ የሚደጋገመውን ሥራ፣ ማለትም የጎብኚን ጥያቄ መቀበልን፣ ከዳታቤዝ መረጃ ማውጣትንና ገጹን አሰናድቶ መመለስን አስቀድሞ ጨርሶ ያቀርባል። ዳታቤዙ የት እንዳለ፣ ድረ ገጹ በየትኛው አድራሻ እንደሚከፈት፣ ሰዓቱ በየትኛው አገር እንደሚቆጠር ግን ከራሱ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚነግረው የሴቲንግ ፋይሉ ነው።

አዲስ ፕሮጀክት ሲከፈት ጃንጎ ፋይሉን ራሱ ጽፎ ያስቀምጣል። ፋይሉ ተራ የፓይተን ኮድ ስለሆነ በውስጡ ማስላት፣ ሌላ ፋይል መጥራት፣ እንደ ሁኔታው መምረጥ ይቻላል። እንደ ሴቲንግ የሚቆጠረው ግን ስሙ በሙሉ በትልልቅ የላቲን ፊደላት የተጻፈው ብቻ ነው። ፋይሉ ያልጠቀሰው ነገር ሁሉ ማዕቀፉ ውስጥ ካለው የመነሻ ዋጋ ይወሰዳል።

ከመነሻ ዋጋዎቹ አንዱ የጃንጎን የትውልድ ቦታ ይዞ ቀርቷል፤ የሰዓት ክልሉ ጋዜጣው የሚታተምባት የሎውረንስ ከተማም የምትገኝበት የቺካጎ ሰዓት ነው። አዲስ በሚከፈት ፕሮጀክት ፋይል ላይ ግን ዓለም አቀፉ ዩቲሲ ይጻፋል። ለኢትዮጵያ ተጠቃሚዎች የሚሠራ ሰው በዚህ ቦታ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ይተካል፤ ጊዜው በዳታቤዙ ውስጥ በዩቲሲ ተቀምጦ በገጹ ላይ ሲታይ 3 ሰዓት ይጨመርበታል። ከንጋት የሚነሳው የሰዓት አቆጣጠርና 13 ወር ያለው የዘመን አቆጣጠር ግን በዚህ መስመር አይገኙም፤ የራሳቸው ኮድ ያስፈልጋቸዋል።

በሴቲንግ ፋይሉ ውስጥ ጥያቄና መልስ የሚያልፉባቸው ሚድልዌር የሚባሉ ክፍሎችም ይዘረዘራሉ፤ የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ራሱ ትርጉም አለው። ከጎብኚው የመጣው ጥያቄ ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች፣ መልሱ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያልፈዋል። የተጠቃሚውን ማንነት የሚለየው ክፍል መረጃውን የሚያገኘው ከሴሽን በመሆኑ፣ የሴሽኑ ክፍል የግድ ከእሱ በላይ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚፈልገው ዲባግ የተባለው ሴቲንግ ነው። በሥራ ወቅት ሲበራ ስህተት በተፈጠረ ቁጥር የኮዱን መስመሮች፣ በዚያች ቅጽበት የተያዙትን መረጃዎችና የሴቲንጎቹን ዋጋ በዝርዝር የያዘ ገጽ ያሳያል። ለፕሮግራመሩ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ድረ ገጹ ለሕዝብ ከተከፈተ በኋላ ግን ያው ገጽ ለማንኛውም ጎብኚ ይታያል። ጃንጎ በስማቸው እንደ ፓስወርድ ወይም ቁልፍ ያለ የእንግሊዝኛ ቃል ያለባቸውን ሴቲንጎች ዋጋ ይሸፍናል፤ ሽፋኑ ስሙን ተከትሎ የሚሠራ ስለሆነ በሌላ ስም የተቀመጠ ምስጢር ያመልጠዋል። ዲባግ ሲጠፋ ድረ ገጹ የሚያገለግልባቸው አድራሻዎች ዝርዝር መሞላት አለበት፤ በዝርዝሩ በሌለ አድራሻ የቀረበ ጥያቄ በ400 የስህተት ቁጥር ይመለሳል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚፈልገው የምስጢር ቁልፉ ነው። ጃንጎ ፓስወርድ ለመቀየር የሚላኩ ሊንኮችንና ሌሎች መረጃዎችን የሚፈርመው በዚህ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን ያገኘ ሰው ፊርማውን አስመስሎ መሥራት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሾልከው ፋይሉ ከኮዱ ጋር የኮድ ለውጦችን ወደሚመዘግበው ጊት ሲገባ ነው። መስመሩን በኋላ መሰረዝ አያድንም፤ ጊት የቀድሞውን ቅጂ ይዞ ስለሚቆይ ቁልፉ ራሱ መቀየር አለበት። ከ4.1 ስሪት ጀምሮ አሮጌውን ቁልፍ ለጊዜው በተጠባባቂነት ማቆየት ይቻላል፤ የሾለከ ከሆነ ግን እዚያም ሊቀመጥ አይገባውም።

ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ቁልፍንና ፓስወርድን ከፋይሉ አውጥተው በሰርቨሩ ላይ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ያስቀምጣሉ። ኮዱ በፕሮግራመሩ ላፕቶፕም በሰርቨሩም አንድ ሆኖ ዋጋው ብቻ ይለያያል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ከቫሪያብል የሚመጣው ዋጋ ሁልጊዜ ጽሑፍ ነው፤ ፓይተን ደግሞ ባዶ ያልሆነን ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ይቆጥራል። ዲባግን ለማጥፋት «ሐሰት» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ቢጻፍበት እንኳ፣ ኮዱ ቃሉን አንብቦ ካላመሳከረ በቀር ዲባግ እንደበራ ይቀራል። ሰውየው አጠፋሁት ብሎ በሚያምንበት ሰዓት የድረ ገጹ ውስጥ ለሁሉም ክፍት ነው።

ድረ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ጃንጎ ራሱ የሚያቀርባቸው ሁለት ትእዛዞች ይረዳሉ። አንደኛው ፕሮጀክቱ ከመነሻ ዋጋዎቹ የተለየበትን ሁሉ ይዘረዝራል። ሁለተኛው ፍተሻ ነው፤ ዲባግ እንደበራ ከሆነ፣ ቁልፉ አጭር ወይም ፕሮጀክቱ ሲከፈት የተሰጠው ከሆነ፣ ኩኪዎች በተመሰጠረ መስመር ብቻ እንዲሄዱ ካልታዘዘ ያስጠነቅቃል። ሴቲንጎቹ ከተስተካከሉ በኋላ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል፤ ጃንጎ የሚያነባቸው ሲነሳ ነውና።