ድንገተኛና ሥር የሰደደ ሕመም፦ አንድ ስም፣ ሁለት ሕክምና

በአማርኛ «ሕመም» የሚለው ቃል በሽታውንም፣ በሽታው የሚያስከትለውን የሥቃይ ስሜትም ይገልጻል። በሕክምናው ሙያም ሁለቱ ለረዥም ጊዜ ሳይለያዩ ቆይተዋል። በሽታው ከታከመ ሥቃዩ ተከትሎ ይጠፋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ የሕመም ስሜት ራሱን ችሎ ሊጠየቅ፣ ሊመዘገብና ሊታከም የሚገባው ጉዳይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣውና በ2020 ያሻሻለው ትርጓሜ፣ ሕመም የስሜት ሕዋሳትንም መንፈስንም የሚነካ ደስ የማያሰኝ ገጠመኝ መሆኑን ይገልጻል፤ ይህም የአካል ጉዳት ሲደርስ፣ ሊደርስ ሲል ወይም ያንኑ በሚመስል ሁኔታ የሚሰማ ነው። ስለሆነም በራጅ ላይ ምንም አለመታየቱ ታማሚው አላመመውም ለማለት አያበቃም።

ድንገተኛ ሕመም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። አጥንት ሲሰበር፣ ቆዳ ሲቃጠል ወይም የትርፍ አንጀት ሲቆጣ ይሰማል፤ ጉዳቱ ሲድን ይጠፋል። ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚከሰት ሕመም ግን ሥር የሰደደ ይባላል። በዚህ ጊዜ በኅብለ ሰረሰርና በአንጎል የሚገኙ የነርቭ ሕዋሳት ከልክ በላይ ንቁ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ደወሉ ያለ አደጋም ይጮኻል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ሥር ለሰደደ ሕመም የራሱን መለያ የሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ልዩነት አለማስተዋል የሚያስከትለውን መዘዝ በአንድ ሆስፒታል ሁለት ክፍሎች ውስጥ በምሳሌ ማየት ይቻላል። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ወጣት በአጥንት ሕክምና ክፍል ተኝቶ አንድ የዳይክሎፌናክ መርፌ ብቻ ተወግቶ ያድራል፤ ሞርፊን ቢኖርም «ሱስ እንዳይዘው» ይባላል። በተመላላሽ ክፍል ደግሞ ለዓመታት ወገቧን የሚያማት እናት በየወሩ ትራማዶል እየተጻፈላት ትመለሳለች። የኦፒዮይድ መድኃኒት የሚያስፈልገው ተነፍጎ፣ የማያስፈልጋት ተሰጥቷታል።

የዚህ ስሕተት ሌላ ገጽታ በአሜሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን 5 ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ያሉት አንድ ደብዳቤ አትሞ ነበር። ደብዳቤው ሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል፣ ቀድሞ ሱስ ሳይኖርባቸው በግልጽ ሱሰኛ የሆኑት 4 ብቻ መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። ይኸው መጽሔት በ2017 ባወጣው ቆጠራ ደብዳቤው 608 ጊዜ መጠቀሱን፣ ከጠቃሾቹም 80.8 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ አለመግለጻቸውን አሳይቷል። ለተኙ ሕሙማን የተነገረው ለዓመታት መድኃኒቱን በየቤታቸው ለሚወስዱ ሰዎች ማስረጃ ተደረገ፤ ያስከተለው እልቂትም የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ጥፋት ትምህርት መውሰድ ሲገባ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ሞርፊን መንፈግ ትምህርቱን ገልብጦ ማንበብ ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚሠራጨው 298.5 ቶን ሞርፊን አከል ኦፒዮይድ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው።

በድንገተኛ ሕመም ሕክምና ከሁሉ አስቀድሞ መታረም ያለበት «ሲያመው ይሰጠው» የሚለው፣ በተለምዶ ፒ.አር.ኤን. ተብሎ የሚጻፈው ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ታማሚው ይናገራል ብሎ ይገምታል። ነገር ግን ሥቃይን ችሎ ዝም ማለት እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ብዙዎች ጥርሳቸውን ነክሰው ያድራሉ፤ ነርሷም አልጠየቁም ብላ ታልፋለች። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ ሊሰጥ፣ የሕመሙም ደረጃ ከደም ግፊትና ከትኩሳት ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል። ሲጠየቅም «ያምሃል ወይ?» ከማለት ይልቅ «ስታስል፣ ከአልጋ ስትነሣ እንዴት ነው?» ማለት ይበልጣል፤ ሳያስል የሚውል ታማሚ ለሳንባ ምች የተጋለጠ ነውና።

የዘመኑ አሠራር በተለያየ መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ነው። ፓራሲታሞል፣ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም ሳይበልጥ፣ መሠረት ይሆናል። ኩላሊቱና ጨጓራው ለሚፈቅድለት አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይታከላል። ጭኑ ለተሰበረ ሰው የነርቭ ማደንዘዣ መውጋት፣ ሥልጠናው ባለበት ሁሉ፣ ከማናቸውም መርፌ የተሻለ ዕረፍት ይሰጣል። ብርቱ ሕመም ሲኖር ለአዋቂ ሞርፊን በደም ሥር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም በየ5 ደቂቃው እየለኩ ሕመሙ እስኪበርድ መስጠት ይቻላል። ከአተነፋፈስ መዳከም በፊት አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ስለሚቀድም፣ ታማሚው ሲያንጎላጅ ቀጣዩ መጠን ይቆያል። ትንፋሹ ቢዳከም ግን ኦክስጅን እየሰጡና አተነፋፈሱን እያገዙ፣ 0.4 ሚሊ ግራም ናሎክሶን በ10 ሚሊ ሊትር ሳላይን አቅጥኖ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሊትር በየ2 ደቂቃው መስጠት ነው። ናሎክሶን ከሞርፊን ቀድሞ ኃይሉ ስለሚያልቅ ከዚያ በኋላም መከታተል ግድ ይላል። ፔቲዲን ግን ሲደጋገም የሚጠራቀመው ውላጁ፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ፣ የሚጥል ሕመም ስለሚያስነሣ ለቀናት የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም።

የካንሰር ሕመም ምንም እንኳ ለወራት ቢቆይ፣ በሞርፊን አጠቃቀም ረገድ ከሌላው ሥር የሰደደ ሕመም ጋር አይመደብም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ያወጣው ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል በ2018ቱ መመሪያ አስገዳጅ መሆኑ ቀርቶ አጠቃላይ መምሪያ ሆኗል፤ ስለዚህ ብርቱ ሕመም ያለበት ሰው በኮዴን እስኪፈተን መጠበቅ የለበትም። ቀድሞ ኦፒዮይድ ላልወሰደ አዋቂ 5 ሚሊ ግራም የሚዋጥ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ይጀመራል፤ ለአረጋውያንና ኩላሊታቸው ለደከመ መጠኑ ይቀንሳል። በመሐል ለሚነሣ ሕመም የቀኑ ድምር አንድ ስድስተኛ ይሰጣል። ማቅለሽለሹን ሰውነት በቀናት ይለምደዋል፤ ድርቀቱን ግን አይለምደውምና ማለስለሻው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይታዘዛል።

ሥር በሰደደ ሕመም ረገድ ዋናው መሣሪያ ጆሮ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ታማሚ ሕመሙን በግሥ ይናገራል። «ይቆርጠኛል» ሲል የአንጀትን ቁርጠት፣ «ይጠዘጥዘኛል» ሲል ያበጠ ወይም መግል የያዘ ቁስልን፣ «ይቆረጥመኛል» ሲል አጥንትና መገጣጠሚያን ይጠቁማል። «ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል» የሚል፣ በተለይም እግሩ የደነዘዘ፣ የነርቭ ሕመም ያለበት ሊሆን ስለሚችል በጥጥና በመርፌ ጫፍ መመርመር አለበት። «ራሴን ያቃጥለኛል» የሚል ደግሞ የድባቴ ሕመም ይኖርበት እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሁሉ በካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ «ፔይን» ተብሎ ሲታለፍ ግሡ መጥፋቱ ነው።

የነርቭ ሕመም ሲሆን አስቀድሞ መንስኤው ይፈለጋል፦ ስኳር፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የአልኮል መጠጥ፣ ያለ ፓይሪዶክሲን የተወሰደ አይሶናይዚድ። በሥጋ ደዌ ታማሚ ላይ ነርቩ አዲስ አብጦ ካመመ የሚያስፈልገው ሳይዘገይ የሚጀመር ፕሬድኒሶሎን ነው። ለሕመሙ አሚትሪፕቲሊን ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ተጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ይላል፤ የልብ ምት መዛባት፣ የዓይን ግፊት ወይም በፕሮስቴት ምክንያት የሽንት መቋጠር ላለበት አይመረጥም። ታማሚው መድኃኒቱ ለድባቴም እንደሚሰጥ ከሌላ ሰው ሰምቶ «እብድ አድርገውኛል» ብሎ እንዳያቋርጥ፣ ለምን እንደታዘዘና ውጤቱ ሳምንታት እንደሚፈጅ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ከትራማዶል ጋር ሲደባለቅ የሚጥል ሕመም ሊያስከትል እንደሚችልም መታወስ አለበት።

ወደ ወገብ ታማሚዋ ስንመለስ፣ በ2018 በአሜሪካ በ240 ሕሙማን ላይ ለ12 ወራት የተካሄደ ጥናት፣ ሥር በሰደደ የወገብ፣ የጉልበትና የዳሌ ሕመም ኦፒዮይድ ከሌሎች መድኃኒቶች እንደማይሻል አሳይቷል። በ2023 የታተመው የአውስትራሊያ ጥናትም በአዲስ የወገብና የአንገት ሕመም እንኳ ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ጥቅም አላገኘም። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ካለ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳና ዕጢ ሊፈለግ ይገባል፤ እነዚህ ከሌሉ የሚጠቅማት እንቅስቃሴ፣ እየተመጠነ የሚጨምር ሥራና በቂ እንቅልፍ ነው። በቀጠሮዋም የሚጠየቀው ሕመሙ ከ10 ስንት እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ እንጀራ መጋገር፣ ውኃ መቅዳት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መመለስ መቻሏ ነው። ትራማዶሉ ግን በአንድ ቀን አይቋረጥባትም። ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው በየወሩ 10 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በዘገየ ሁኔታ እየተቀነሰ፣ ስትታወክም እየተቆየ የሚወርድ ነው።